ያለ ቀጠሮ በር ማንኳኳት

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ዝናብ መጣ፤ መልሼ አስገባሁ። ከሰዓት በኋላ ኮስ ደወለ።

«ጌርዳ፣ ትሩስ ዘንድሮ አልመራም ብላለች። ጉዞው ይቅር።»

ይቅር? ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ በሜይ ወር፣ እኔ፣ ኮስ፣ ቤፕና ትሩስ የላይደንን አሮጌ ከተማ በእግር ዞረናል። ሁልጊዜ ትሩስ ከፊት። አሁን ኮስ ዳሌውን ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው፤ ቤፕ ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው... ዘንድሮ ከቀረ ቀረ ማለት ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው ይላሉ። አምና ድልድዩ ላይ ትሩስ ያቺን ጥንት ከተማችን በጠላት ተከባ ስትራብ የነበረችውን ባልቴት ታሪክ ጀመረች፤ ድመቷን ከተራበ ሰው ሁሉ የደበቀችውን። «ኧረ በቃሽ ትሩስ፣ አሰልቺ ሆነሻል» አልኳት። መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። እውነቴን ነው። እኛ አገር እውነት ተናግሮ ማን ይቅርታ ጠይቆ ያውቃል?

«እኔ እመራለሁ» አልኩት ኮስን።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

ብቻዬን ዞርኩት። ቤተ ክርስቲያኑን፣ ድልድዩን፣ የነፋስ ወፍጮውን። ቦዩ ዳር ለዳክዬዎች ታሪክ ስተርክ አንድ ብስክሌተኛ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

ቤፕ «ትሩስን ጥሪያት እንጂ» ትላለች። ስልክ የላትም እንዴ? ትደውል።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 30

ዝናብ። ሦስተኛ ልምምድ። ጉልበቴ አብጧል። ነገም እወጣለሁ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

በአራት ሰዓት ተነሳን፣ ሦስታችን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በቃሌ ወጣሁት። ቤፕ የሱቅ መስኮት ታያለች። ኮስ አዛጋ።

«ትሩስ ትሻል ነበር» አለኝ።

እኔ እውነት ተናጋሪዋ... እውነት ለካ ሲነገሩት እንዲህ ያማል?

ሰባት ተኩል ላይ ባልቴቶቹ ግቢ፣ ብቸኛ አሮጊቶች የሚኖሩበት ጥንታዊ ግቢ፣ ደረስን። በየዓመቱ የጉዟችን ማብቂያ እሱ ነው፤ የአትክልቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ዳቧችንን የምንበላበት። በሩ ተዘግቷል። «ጎብኚ አይገባም» ይላል። ከፍተን ስንገባ ኖረን፣ ጽሑፉን ዛሬ ገና አየሁት። አንኳኳሁ። ወይዘሮ ቦስ፣ እዚያው የሚኖሩት፣ በሩን ገርበብ አደረጉ።

«ቀጠሮ አላችሁ?»

ክው አልኩ። እህቴ ቤት እንኳ ያለ ቀጠሮ ሄጄ አላውቅም፤ ይሄ እንዴት ጠፋኝ? ሴትዮዋ የቀጠሮ ደብተራቸውን አምጥተው ገለጡ። «ስምንት ሰዓት፣ ትሩስ፣ አራት ሰው» አሉ። አምና ያስያዘችው ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስታደርግ አንድ ቀን አልነገረችንም።

«ትሩስ የለችም» አልኩ።

«እንግዲያው ቀጠሮው የሷ ነው» ብለው ዘጉት።

ኮስና ቤፕን ቦዩ ዳር አስቀምጬ ወደ ትሩስ ቤት ገሰገስኩ። በዚህ ጉልበት። በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያዬ፣ ሳልደውል መጥሪያዋን ተጫንኩ።

«ቀጠሮ አለን እንዴ?» አለችኝ።

«የለንም። ታሪክሽ አሁንም አሰልቺ ነው። በሰው ፊት ማለቴ ግን ነውር ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ ደግሞ ካንቺ የባስኩ ነኝ፤ ኮስን ጠይቂው።»

አቀረቀርኩ... እግሯን አየሁ። የጉዞ ጫማዋን አድርጋለች። ክሩ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያጠለቅሽው?»

«ከጠዋት» አለች። «ነይ፣ ወይዘሮ ቦስ ሰዓት አያሳልፉም።»

ኮስና ቤፕን ከቦዩ ዳር አንስተን ለስምንት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ላይ ደረስን። ወንበሩ ላይ ትሩስ የባልቴቷን ድመት ታሪክ ከጅራቷ ጀምራ ተረከችው። እስከ መጨረሻው ሰማሁ። አሰልቺ ነው። ባትጨርሰው ግን አለቅስ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሜይ 13

ልብስ እያጠብኩ መጥሪያው ጮኸ። ማንንም አልቀጠርኩም። ፀጉሬ እርጥብ፣ ሽርጥ እንዳደረግሁ ከፈትኩ።

ትሩስ ናት። ብስኩት ይዛለች።

«ሻይ አለ?» አለችኝ፣ ጫማዋን በሩ ላይ እየጠረገች።