ባሉጡ ወንዝ ገባ

ለልጆቼ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? የመርከቡ ጭስ ሳንባህን ካልጨረሰው ተመስገን ነው። እኛ ደህና ነን። ድሩሲላ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ አፍንጫው ያንተው ነው፣ ምን ይደረግ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከባርነት ነጻ ከወጣን በኋላ፣ በስተርጅና፣ ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ናፍቃኝ ነው እንዳትል። ለአንድ መከር ብሎ በመርከብ ወጥቶ ፀጉሬ እስኪሸብት የቀረ ሰው አይናፈቅም።

ጉዳዩ የባሉጡ ዛፍ ነው፤ ባሪያ ቄስ አያጋባውም ሲሉን፣ እንደ ወጋችን አብረን መጥረጊያ ዘለን ከሥሩ የተጋባንበት። በጎርፉ ዳርቻው ተናደና ከነሥሩ ወንዝ ገባ። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ፣ ጫፉ ከውሃው ብቅ ጥልቅ ይላል። ዓሣ አጥማጁ አጎት ዘብዲ "አንቺ ሴትዮ፣ ጋብቻሽ ለመርከብ መስገድ ጀመረ እኮ!" ብሎ ሳቀብኝ። "ሰውየው ያልሰገደልኝን ዛፉ ይስገድልኝ" አልኩት። ባለፈው ሳምንት ግን ሳቁ ቀረ። አንዲት ጥጥ የጫነች መርከብ ግንዱ ላይ ወጥታ ሆዷን ተቀድዳ ሰጠመች። ጥጡ እንደ በግ መንጋ ውሃው ላይ ሲነዳ፣ እኛ ሰዎቹን በታንኳ ለቀምን። ሁሉንም አይደለም።

ገመድ እየጣልክ የውሃውን ጥልቀት ለመሪው በዜማ የምትጠራ አንተ ነህና ንገረው፦ ወንዙ እኛ ጋ ከሚታጠፍበት ሲደርስ ቤቴ ያለበትን ዳር አይጠጋ፤ በማዶ፣ በአኻያዎቹ በኩል ይለፍ። ማታ ማታ በታንኳ እየሄድኩ ቅርንጫፉ ላይ ፋኖስ አስራለሁ። ድሩሲላ "እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ? ለማን ብለሽ?" ትለኛለች። ለመርከቦቹ እላታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። መታጠፊያችን ጥልቅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሌሎቹ ገመድ ጣዮች ዝም ብለው ያልፋሉ። አንተ ግን በየዓመቱ በጉሙ ውስጥ "ታች የለውም! ታች የለውም!" እያልክ ለማን ትጠራለህ? ድምፅህ በመስኮት ሲገባ ቤቱ ከመሬት ተፈትቶ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስለኛል። ከዚያ ውሻው ይጮኻል፤ እኔም ወደ ድስቴ እመለሳለሁ።

ከማዶ ድምፅ አይሰማም ይላሉ፤ ወንዙ እዚህ ሰፊ ነው። ይሁን፣ በማዶ እለፉ።

ብቻ፣ ጮክ ብለህ ጥራ። ማለፋችሁን ካወቅሁ ፋኖሱን አጠፋዋለሁ፤ ዘይት ውድ ነው።

ውሃው አይክዳህ። ጌታ ከመርከቡ እሳትም ከወንዙ ግንድም ይሰውርህ።

የልጆችህ እናት