ንቢቱን አጥፏት የሚለው መስመር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ከቤት

ለማትጠገቢው ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴን ትንሽ ይጠዘጥዘኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። ስልክሽን ብደውል ስለማታነሺው፣ የላክሁልሽም መልእክት ሳይከፈት ስለቀረ፣ ስትሄጂ ጽፈሽ በተውሽልኝ አድራሻ ይህን በፖስታ እልክልሻለሁ። ቤት ቀይረሽ ከሆነ እንግዲህ ያገኘው ሰው ያድርስልሽ። እጄ እንደምታውቂው መርፌ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።

የምጽፍልሽ አንድ ነገር ከሌላ ሰው ከምታገኚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

ወንድምሽን ከቀበርነው ወዲህ ጓደኞቹ ቤቱን አልተዉትም። በተለይ ሁለቱ። አንደኛው ቁመቱ ጣራ የሚነካው፣ ወንድምሽ «ቀጭኔው» የሚለው ልጅ ነው። ሌላዋ ሥዕልና ጽሑፍ አሰማምራ ለማተሚያ ቤት የምታዘጋጅ ልጅ ናት፤ ዲዛይነሯ ይሏታል። ሰሞኑን የስፌት መኪናዬን ወደ ግድግዳ አስጠግተው፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ለወንድምሽ አፕ ብሮሸር እየሠሩ ነው። ሦስት ላይ የሚታጠፍ ወረቀት ነው። በየክሊኒኩና በየመድኃኒት ቤቱ ያድሉታል። በኢንተርኔትም ስለሚለቁት አንቺ ያለሽበትም ይደርሳል።

አፑን ታውቂዋለሽ። አንቺ ከመሄድሽ በፊት፣ የሚጥለው በሽታ እንዳይነሣበት ጠዋትና ማታ በሩ ላይ ቆመሽ «ክኒንህን ዋጥክ?» ስትዪው፣ እሱ «ጆሮዬ ላይ ጥዝዝ አትበይ፣ አንቺ ንቢቱ!» ይልሽ ነበር። ስትሄጂ ቤቱ ጭር አለበትና፣ ስልኩ ጥዝዝ እያለ ክኒኑን እንዲያስታውሰው አድርጎ ሠራው። ስሙንም «ንቢቱ» አለው።

«በእህትህ ታላግጣለህ?» ብለው፣
«ኧረ እማ! እዚያ ሆናም አልተወችኝም ለማለት ነው» አለኝ።

ከዚያ ማንም ሰው በነጻ እንዲወስደው፣ የተሠራበትንም ጽሑፍ ከፍቶ እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ለቀቀው። ኦፕን ሶርስ ይሉታል። «ልፋትህን እንዲሁ በሜዳ?» ስለው ሳቀብኝ። አሁን ስንት ዓይነት ሰው እንደሚጠቀምበት ቀጭኔው ሲነግረኝ፣ እሱ ልጅ ማጋነን ይወዳል ብዬ ነበር። እውነቱን ነው።

እሑድ ዕለት ዲዛይነሯ የብሮሸሩን የሙከራ ወረቀት አመጣችልኝ። ፊቱ ላይ ትልቅ ደወል ተሥሏል። ከሥሩ «ደወሌ፦ የመድኃኒት ሰዓትዎን የሚያስታውስ፣ ነጻና ለሁሉም ክፍት» ይላል።

«ንቢቱስ?» አልኳት።

ቀጭኔውን አየችው።

«እማማ፣ ንቢቱ ችግር ተገኝቶባታል» አለኝ። ስልኮች አዲስ አፕዴት ሲገባባቸው፣ አንዳንዶቹ ላይ ሰዓቱ ደርሶ ሳትጮኽ ታልፋለች አለ። ማስተካከያውን ጽፈው ጨርሰዋል። ነገር ግን ሌላው ሰው የሠራውን ሁሉ አይቶ ወደ ዋናው የሚያስገባው ወንድምሽ ነበር። ፓስወርዱም በእሱ እጅ ብቻ ነው የነበረው።

«ለሁሉም ክፍት ነው ስትሉኝ አልነበር እንዴ? ክፍት ቤት ደግሞ ምን ቁልፍ አለው?» አልኩት።

«ገብቶ ማየት፣ ገልብጦ መውሰድም ለሁሉም ክፍት ነው፣ እማማ። የዋናውን ቤት ዕቃ ማንሳትና ማስቀመጥ ግን የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ገልብጠን፣ አስተካክለን፣ አጠገቡ ሌላ ቤት ሠራን። በዚያው ስም ብንጠራው ሰው ከተበላሸችው ጋር ይምታታበታል።»

«አፑ የተቀመጠበት ድርጅት አለ አይደል? ለእነሱ ንገሯቸዋ!»

«ጽፈን ነበር። ‹ባለቤቱ ራሱ ያመልክት› አሉን።» ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

ወረቀቱን ስገልጠው፣ የውስጠኛው እጥፋት ላይ በቀይ እንዲህ ይላል፦ «ከዚህ በፊት ‹ንቢቱ›ን ይጠቀሙ ከነበረ፣ ዛሬውኑ ከስልክዎ ያጥፏት።»

ደግሜ አነበብኩት። ልጄ፣ በዚያ ስም የሚጠራሽ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ይኼ ካልተጻፈ አይሆንም?» አልኳቸው።

ዲዛይነሯ እንባ አቀረረች። «ላለስልሰው እማማ። ‹አዲሱን ቢሞክሩ እንመክራለን› ልበለው?»

«ከለሰለሰ ሰው አያጠፋትም» አለ ቀጭኔው፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«መበላሸት የጀመረችው መቼ ነው?» አልኩት።

«ሚያዝያ ላይ፣ እማማ።»

ወንድምሽን ከደረጃው ሥር ወድቆ ያገኘሁት ግንቦት ሲገባ ነው። ያን ታውቂዋለሽ። የእሱ ስልክ ላይ አፕዴቱ ገብቶ እንደሆነ ቀጭኔውን አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም። «ሻይ ላፍላላችሁ» ብዬ ተነሣሁ።

ውሃው ፈልቶ እስኪገነፍል ቆሜ አየሁት። ምን ላድርግ? እምቢ ብል፣ እኔ ያየሁትን ነገ የምታይ ሌላ እናት አለች። እሺ ብል፣ ልጄ ያወጣውን ስም በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ማስጠፋቴ ነው። ለማን አቤት ይባላል? የሚቆጡት ሰው እንኳ የለም፤ ሁሉም ደጎች ናቸው።

ሻዩን ሳስቀምጥላቸው፣ «ጽሑፉ አነሰ» አልኳት። «መነጽር የሌለው ሰው አያየውም። ጎላ አድርጊው። ከውስጥ አውጥተሽ ፊት ለፊት አድርጊው።»

እንዳልኳት አደረገችው። አሁን ከደወሉም በላይ ነው ያለው። ሐሙስ ይታተማል።

እና ልጄ፣ ወረቀቱ እዚያ ቢደርስሽ፣ የእኔ እጅ እንዳለበት እወቂው፤ ግን እንዳትቀየሚኝ። አጥፏት የተባለችው አፗ ናት። እኔ ራሴ ከስልኬ አላጠፋኋትም። እሱ ነበር የጫነልኝ፣ እንዲሁ ለጨዋታ። ስልኬ አሮጌ ስለሆነ አፕዴት የሚባል አይገባበትም። ጠዋትና ማታ ጥዝዝ ትላለች። የምውጠው ክኒን የለኝም፤ «ዋጥኩ» የሚለውን እጫንላታለሁና ዝም ትላለች።

በለቅሶው ጊዜ በስልክ ስለተቀያየምነው አክስትሽ «በለቅሶ መሃል የተባለ ነገር አይያዝም፣ ቀን ሲያልፍ ትደውላለች» ትለኛለች። እኔ እንጃ። ክፍልሽን አልነካሁትም፤ የልብስ ጨርቅ ብቻ ነው ያስቀመጥኩበት፣ በመጣሽ ቀን አነሣዋለሁ።

ቀጭኔው አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኛል። ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ካለ እህቱ ናት ይላል። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም፤ ከልጅነታችሁ ጀምሮ እኔ የማልሰማውን ቃል እያወጣችሁ ነው ያደጋችሁት። ፓስወርዱ ከተገኘ ንቢቱ በስሟ ትስተካከላለች፣ መስመሩም ከሚቀጥለው ኅትመት ይወጣል። ለሐሙስ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እንኳ ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ልትነግረኝ አልቻለችም።

ቢሆንም፣ ካወቅሽው ጻፊልኝ። ካላወቅሽውም «አላውቅም» ብለሽ ጻፊልኝ።

በወጣሽ በገባሽበት ክፉ አይይሽ። ሥራሽ ይቅናሽ፣ እንቅልፍሽ ይጣፍጥልሽ። ለእኔ የጎደለው ለአንቺ ይሙላልሽ።

እናትሽ