ጥናትን ከጥቁር ሰሌዳ ጋር ያገናኙት የወይዘሮ ፊሎሜና ዬልፓላ የሕይወት ጉዞ

እናታችን ወይዘሮ ፊሎሜና ዬልፓላ ከአባታቸው ከአቶ ባዩኦ ዬልፓላና ከእናታቸው ከወይዘሮ አንግሶማ ዴሪ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1951 በሰሜን ምዕራብ ጋና፣ ቱግባሪ በተባለች መንደር ተወለዱ። ጎረቤት "ሴት ልጅ ብትማር የሰው ቤት ነው የምታቀናው" ቢልም አባታቸው አልሰሙም፤ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ከሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቧቸው። በ1971 ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ለአሥራ ስድስት ዓመታት አንደኛ ክፍል አስተማሩ። በ1974 ከአናጢው ከአቶ ክሌመንት ኩዊሬ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው አራት ልጆች አፈሩ።

በ1987 የወረዳው ትምህርት ሱፐርቫይዘር ሆኑ። በቢሯቸው ቁም ሣጥን ውስጥም አቧራ የጠጣ ጥራዝ አገኙ። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእኛው ወረዳ ያጠኑት ነበር። ልጆች በዕድሜ ሳይሆን በንባብ ችሎታ ተመድበው፣ በቀን አንድ ሰዓት በቋንቋቸው በዳጋሬ ቢማሩ ፈጥነው ያነባሉ ይላል። አንድም መምህር ግን አላየውም ነበር።

እናታችን የጥራዙን ሁለት መቶ ገጽ በስድስት ገጽ አሳጥረው ጻፉትና በሞተር ሳይክላቸው ይዘውት ዞሩ። የቱግባሪው መምህር አቶ ሳንዱሪ አንብበው ሲጨርሱ፣ "ማዳም፣ እነዚህ ሰዎች ሰማንያ ልጅ ባንድ ክፍል አይተው ያውቃሉ?" አሏቸው።

እናታችን አልተቀየሙም። "ይህንኑ ጻፉልኝ" ብለው ደብዳቤውን ተቀበሉ፤ ሁለት ቀን ተጉዘውም ለተመራማሪዎቹ በእጃቸው ሰጡ። ተመራማሪዎቹ ወደ ቱግባሪ መጥተው ከመምህራኑ ጋር ዘዴውን አስተካከሉ፤ ግማሹ ልጅ ከመምህሩ ጋር ሲያነብ፣ ማንበብ የሚችሉ የመንደሩ እናቶች ደግሞ ሌላውን ግማሽ ከዛፍ ሥር ይዘው ያስነብቡት ጀመር።

በ1990 አዲስ የመጡት የወረዳው ኃላፊ፣ "ዳጋሬ እቤታቸው አላቸው፤ እዚህ እንግሊዝኛ ይማሩ" ብለው ሥራው እንዲቆም አዘዙ። እናታችን አልተከራከሩም፤ ኃላፊውን ከአቶ ሳንዱሪ ክፍል ወስደው አስቀመጧቸው። አንዲት ልጅ ተነሥታ መጽሐፏን አነበበች።

"በቃሏ ይዛው ነው" አሉ ኃላፊው። ጠመኔውን አንሥተውም "እንግዳው ዛሬ እዚህ ያድራል" ብለው በዳጋሬ ጻፉ።

ልጅቷ አነበበችና፣ "ማን ቤት ነው የሚያድሩት?" አለቻቸው።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ኃላፊውም ሳቁ። ትእዛዙን በማግስቱ ሰረዙ። በ1994 ዘዴው በክልሉ ሁሉ እንዲሠራበት ሲወሰን፣ እናታችን ተመራማሪን፣ መምህርንና ባለሥልጣንን የሚያገናኘው አዲስ የሥራ ክፍል የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆኑ። አብረው የሠሩት መምህራን ስም ያልተጻፈበት ጥናት ከእጃቸው አልፎ አያውቅም። በ2011 በክብር ጡረታ ወጡ።

በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2024 በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው አቶ ክሌመንት በ2009 ቀድመዋቸዋል። እናታችን አራት ልጆችን፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆችን፣ ዛሬ ይህን ግቢ የሞሉትንም መምህራን ትተው ሄደዋል።

ስንቱን ካሰበበት ያደረሱትን እናታችንን፣ አምላክ እሱ ዘንድ በሰላም ያድርሳቸው።