አፌን የዘጋሁበት የዋንጫ ሰሞን

የካቲት 11፣ ረቡዕ። ከሥራ መልስ

ዛሬ አርባ ሁለት መኪና አቆምኩ። አንድም አልጫርኩ። ደብተሬ፣ ይህን ለታሪክ ያዝልኝ።

ሥራዬ ዌስትቼስተር ነው፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል። እንግዳው ቁልፉን ይሰጠኛል፣ እኔ ምድር ቤት ወስጄ ፓርክ አደርጋለሁ። ሃያ ዓመት ሆነኝ። መጻፍ ከጀመርኩ ግን ገና ስድስት ወሬ ነው። ቤ/ክ አዳራሽ፣ የማታ ትምህርት። ከአሥራ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጡት እትዬ ዘውዴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ አንድ ዓይናቸውም አያይም። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

መምህራችን በየቀኑ ጻፉ ብላለች። ስለ ምን ስንላት፣ ስለምታውቁት አለች። እኔ የማላውቀው ነገር ስለሌለ መምረጥ ቸገረኝ። በመጨረሻ ቅርጫት ኳስ አልኩ።

ሶ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ብሩክታዊት ለኮሌጇ ትጫወታለች። ኳስ አከፋፋይዋ እሷ ናት። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ኮሌጇ ያለበት ኮንፈረንስ አሥር ኮሌጆች የገቡበት እድር በለው፤ ክረምቱን ሙሉ እርስ በርስ ሲጋጠሙ ይከርማሉ። ዛሬ ሰንጠረዡ አናት ላይ ሁለት ቡድን እኩል ተቀምጧል፦ እኛና የበረሃዎቹ። የበረሃዎቹ የምላቸው ከዚያ ከደረቅ አገር የሚመጣውን ኮሌጅ ነው። ስማቸውን አልጽፍም። ቀለም ይባክናል።

አራት ጨዋታ ቀርቷል።

የካቲት 15፣ እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ

ጊዜ አይቆምም፤ ከአራቱ ሁለቱ ጨዋታ አለፈ። ሁለቱንም በላን። የበረሃዎቹም ሁለቱንም በሉ። አሁንም እኩል።

ፌርፋክስ፣ የሐበሻው ሰፈር፣ ምግብ ቤት ተቀምጠን ለነካሳሁን አስረዳኋቸው። ካሳሁን ታክሲ ይነዳል፤ አፉ ከእኔ ቀጥሎ በከተማው ሁለተኛ ነው። በመጀመሪያ የኮንፈረንሱ ሰንጠረዥ ይዘጋል። ከዚያ ሁሉም እንደገና ተገናኝተው ጥሎ ማለፍ ይጫወታሉ። የጥሎ ማለፉን ዋንጫ ያነሳ ማንንም ሳይለምን ወደ ትልቁ የሀገር ውድድር ይገባል፤ ስልሳ ስምንት ቡድን። ያላነሳ ደግሞ ኮሚቴ እስኪጠራው ይጠብቃል። ኮሚቴ ሲባል እኔ ቀበሌ ትዝ ይለኛል። እዚያም ስማችን ከታች ነበር። ስለዚህ ዋንጫውን ማንሳት ነው፤ ሌላ መላ የለም።

ኳስ ያስተማርኳት እኔ መሆኔንም ነገርኳቸው። እውነት ነው። ስምንት ዓመቷ ሳለ፣ እናቷ ሥራ ስትገባ፣ ሆቴሉ ምድር ቤት ይዣት እገባ ነበር። በቆሙት መኪኖች መሀል ኳስ እያነጠረች ትሮጣለች። መኪና የነካች ቀን ከሥራ እባረራለሁ ብያታለሁ። አንድም ቀን አልነካችም። ዛሬ ሦስት ተከላካይ ሰንጥቃ ስታልፍ የሚያጨበጭበው ሁሉ ለኔ ምድር ቤት ነው የሚያጨበጭበው።

ካሳሁን ስንቴ ሜዳ ሄደህ አየሃት አለኝ። ሥራ ይበዛል አልኩ። አራት ዓመት ሙሉ? አለ።

በያይነቱ ጨምሩ አልኩ።

የካቲት 22፣ እሑድ

አልጽፍም ብዬ ነበር። ትናንት ተሸነፍን። በመጨረሻው ጨዋታ፣ በበረሃዎቹ ሜዳ፣ በሦስት ነጥብ። አንደኝነቱን ወሰዱ። እኛ ሁለተኛ። እትዬ ዘውዴ ምን እንደሚሰማቸው ዛሬ ገባኝ።

ባለቤቴ የሺ አጽናናችኝ። በጾም መሸነፍ ከሥጋ ጋር እንደመጾም ነው፣ ይቆጠርልሃል አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም።

ማታ ብሩክታዊት መጣች። ዓይኗ አብጧል። ጥሎ ማለፉ ገና አለ አልኳት። ሽሮዋን በላች። ቀጥላ ያለችው ግን ቁጭ አድርጎ አስቀረኝ። ለፍጻሜ ከደረሱ የተመራቂ ተጫዋቾች ቤተሰብ ከፊት ይቀመጣል፣ ዘንድሮ ደግሞ ጥሎ ማለፉ እዚሁ ከተማችን ነው። ና አለችኝ።

ደብተሬ፣ አንተን መዋሸት ትርፉ ምንድነው። ለካሳሁን ሥራ ይበዛል ያልኩት ውሸት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የመጨረሻ ጨዋታዋ ላይ ነበርኩ። አሥር ሰከንድ ሲቀር፣ ቡድኗ በሁለት ነጥብ እየመራ ሳለ፣ ዳኛዋ በብሩኬ ላይ ፋውል ነፋች። እኔ ሜዳ ገባሁ። ገብቼም ዝም አላልኩም። ቅጣቱ ለቡድኑ ተጻፈ፣ ሌሎቹ ምት አገኙ፣ እነብሩኬ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ልጄ አንድም ቀን አንተ ነህ አላለችኝም። መኪና ውስጥ ብቻ፣ አባዬ ከእንግዲህ ጨዋታ እንዳትመጣ፣ አለች። አልሄድኩም። አራት ዓመት በስልክ ነው ያየኋት፣ ምድር ቤት፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ዓምድ ሥር ቆሜ።

አሁን ና አለች። ቅድመ ሁኔታ አላት፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል ከአፌ እንዳይወጣ። እሺ አልኩ። የሺ ሳቀች። ለረጅም ጊዜ ሳቀች።

የካቲት 27፣ ዓርብ

የተማረ ሰው ኑሮው በሥርዓት ነው። ብሩኬ ማቀዝቀዣው ላይ የጨዋታ ፕሮግራም ለጥፋ ሄዳለች። የፍጻሜውን ቀን ራሴ አነበብኩ፣ ማርች 14። ከቤ/ክ ያመጣሁት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክርቢቶ አሰፈርኩት፦ መጋቢት 14፣ ሰኞ፣ ፍጻሜ። ከላይ ደግሞ፦ መጋቢት 5፣ ቅዳሜ፣ የአቦ ማኅበር፣ እኔ ቤት። በዚህ ወር አምስት ጽዋውን የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ ተራዬ ነው። ዘጠኝ ቀን ልዩነት። አቦ ራሳቸው ናቸው ያመቻቹት።

አለቃዬን 14ኛውን ቀን አሳርፈኝ አልኩት። ቅዳሜውን? አለ። ሰኞ መሆኑን ባውቅም አላሳፈርኩትም፤ እሺ አልኩ። ቀጥዬ ለማኅበሩ ብዬ የሚመጣውን ሳምንት ቅዳሜም ጠየቅኩት። አሁን ሰጠሁህ አይደል ወይ አለኝ። ሰውየው ደክሞታል። ልጆቹም ያስቸግሩታል መሰለኝ።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ።

ብሩኬ ደወለች። ሐሙስ ሩብ ፍጻሜ፣ ዓርብ ግማሽ፣ ካለፍን ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ እንዳታረፍድ አለች። ሰኞ ነው የኔ ልጅ፣ አልኳት በአባት ትዕግሥት። አባዬ፣ ማርች 14 እኮ ቅዳሜ ነው አለች። ግድግዳው ጋ ሄድኩ። የሺ መጥታ በጣቷ ቆጠረችልኝ። ማርች 14 የእኛ መጋቢት 5 ነው። ማርችና መጋቢት አንድ ግቢ የሚኖሩ ኩርፈኞች ናቸው፤ አንድ ቀን ገብተው አንድ ቀን አይወጡም። ይህን ሃያ ዓመት አውቅ ነበር። ማንበብ ስጀምር ነው የጠፋብኝ።

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት አሥራ አምስት ማኅበርተኛ ቤቴ ይመጣል። በዚያው ሰዓት ልጄ ዋንጫ ልትጫወት ትችላለች። አለቃዬም ስለ ልጆቹ ያሰብኩትን ይቅር ይበለኝ።

ወደ ጋሽ ታደለ ሱቅ በረርኩ። ጋሽ ታደለ የማኅበራችን ሙሴ ናቸው፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ ዳቦ አይቆረስም። ተራዬን ለሌላ ሰው ላስተላልፍ ወይ በሳምንቱ ላድርገው አልኳቸው። በርበሬ እየመዘኑ ነበር፤ ሚዛኑን እንኳ አላስቀመጡም። ጽዋ የተቀበለ ተራውን ይወጣል፣ ካሳሁን ሚስቱ ምጥ ላይ ሆና አስተናግዷል አሉኝ። እሱ እውነት ነው፤ ጸበል ጸዲቁን በልተን ስንወጣ ነው ሆስፒታል የሮጠው። ደግሞስ፣ አሉ፣ አቦ የኳስ ፕሮግራም አይጠብቁም።

አሁን ይህን ስጽፍ እነብሩኬ እንዲሸነፉ እየጸለይኩ ራሴን ያዝኩት። ሐሙስ ቢሸነፉ ችግሬ ያልቅ ነበር። ምን ዓይነት አባት ነኝ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

አሸነፍን። በሃያ ነጥብ።

የበረሃዎቹ ያረፉት የኔ ሆቴል ነው። ኮቻቸው በኪራይ መኪና መጣች። ፈገግ ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ። መኪናዋን ወደ መጨረሻው፣ አራተኛው ምድር ቤት ወሰድኩት፣ ውሃ ከሚንጠባጠብበት ጥግ። ለየሺ ደውዬ ተኩራራሁ። ጾም እኮ ነው አለችኝ። ተመልሼ ሦስተኛው ላይ አቆምኩት። ከዚያ በላይ ጽድቅ አልችልም።

ማታ ቤት ስገባ ጋሽ ታደለ ሳሎኔ ተቀምጠዋል። የሺ ናት የጠራቻቸው። እንዲህ አለቻቸው፦ በጾም ቅዳሜ ቅዳሴው ጠዋት ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም። ታዲያ ማኅበሩን ጠዋት በሦስት ሰዓት ብናደርገው ቀኑም አይሻር፣ ተራውም አይተላለፍ። ጋሽ ታደለ ማኅበር ከቀትር በኋላ ነው የኖረው አሉ። የሺ ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፈችው። የት/ቤቱን ጨዋታ፣ ዳኛዋን፣ አንዷን ነጥብ፣ አራት ዓመቱን። እኔ በር ላይ ቆሜ ጫማዬን ማየት ሆነ ሥራዬ።

ጋሽ ታደለ ወደ እኔ ዞሩ። ልጅቷ ራሷ ናት ና ያለችው? አሉ። አዎ አልኩ። አፍህን ይዘህ ልትቀመጥ? አዎ። አላምንህም አሉኝ። ጠዋት ይሁን፣ ግን አጠገብህ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ግማሽ ፍጻሜ። በጭማሪ ሰዓት፣ በሁለት ነጥብ። ዓምዴ ሥር ቆሜ አየሁ። አንድ እንግዳ ቁልፉን ሲጠብቅ ቆሞ ቀረ፤ መጨረሻ ላይ እሱም ከኔ ስልክ ላይ ያይ ነበር። የበረሃዎቹም አለፉ። እንግዲህ ነገ እነሱና እኛ።

የስልኩ ተንታኞች የበረሃዎቹ ቢሸነፉም ኮሚቴው ይጠራቸዋል ይላሉ። እኛን ግን አይጠራንም። ከተሸነፍን የብሩኬ ኳስ ነገ ያበቃል። ይህን ስሰማ እራት አልበላ አለኝ። ደወለችልኝ፤ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ፣ አለች። አንዲትም፣ አልኩ።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ጠዋት 5 ሰዓት። ማኅበሩ አለቀ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተጠጣ፣ ጽዋውን ካሳሁን ተረከበ። ካህኑ ሲያሳርጉ ለብሩክታዊትም ጸለዩ፤ ጋሽ ታደለ የማን ቡድን እንደሆነ ግልጽ ይደረግ አሉ። በአራት መኪና እየሄድን ነው። ማኅበርተኛው ግማሹ ነጠላውን አላወለቀም።

7:20። ከፊት ተቀምጫለሁ። በቀኜ ጋሽ ታደለ፣ በግራዬ የሺ። ደብተር ይዤ ነው የመጣሁት። አፍ ሲከለከል እጅ አለ። ዳኛው አላየም። ሰውየው አላየም ነው የምልህ። ይህን ጻፍኩት እንጂ አልተናገርኩም።

7:45። 19 ለ 15 እየመራን። ብሩኬ በሁለት ሰው መሀል አለፈች። ምድር ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በቫኑና በጥቁሩ መኪና መሀል። ያው ናት። ከንፈሬን ነክሻለሁ። ጋሽ ታደለ ጎሽ አሉኝ።

8:10። ዕረፍት። 30 እኩል። የሺ ላብህን ጥረግ አለችኝ። አላበኝም ብዬ መመለስ አልችልም።

8:40። ጋሽ ታደለ ተነሥተው ዳኛውን በአማርኛ ምን እንዳሉት አልጽፍም። ማኅበርተኛው ሁሉ ሰማ። እኔ ነኝ ክንዳቸውን ይዤ ያስቀመጥኳቸው። ሰው ይታዘበናል።

9:05። የመጨረሻው ሩብ። በሦስት እየተመራን። የበረሃዎቹ ደጋፊ አዳራሹን ሞልቶታል። የኛ ወገን ድምፁ ጠፍቷል። ወረቀቱን በእስክርቢቶ ቀደድኩት።

9:12። 61 ለ 62 እየተመራን። አራት ሰከንድ ቀርቷል። ብሩኬ ላይ ፋውል ተሠራ። ሁለት ነጻ ምት። የሺ ዓይኗን ጨፈነች።

የመጀመሪያውን ሳተች።

የበረሃዎቹ እየጮኹ ነው፣ ወንበር እየደበደቡ። ኳሷን ተቀበለች። አልወረወረችም። ዞር አለች። ወደ እኛ እያየች ነው። እኔን ነው የምታየው። እጄን አፌ ላይ አድርጌ አሳየኋት፣ ተመልከች፣ ዝም ብያለሁ። አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። እጇን አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። እንደገና። ጋሽ ታደለ ምን እያለች ነው አሉ። የሺ፣ ሰውዬ፣ ድምፅህ የት ሄደ እያለችህ ነው አለች፣ እየጠራችህ እኮ ነው።

ደብተሬ፣ ጋሽ ታደለ ይያዙህ፣ እኔ ልነሣ