የምጽአትን ቀን ያረሙት ሰው

በማተሚያ ቤት ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ቀይ ቀለም» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት አጎታችን ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ዓመት በኋላ አንዲት እህት ተከተለቻቸው። እናታቸው ሲያዋልዱ ስለሚውሉ እህታቸውን አዝለው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለው በ1961 ዓ.ም. በማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ። መስኮቱ ወደ ማሽኖቹ አዳራሽ በሚከፈት ጠባብ ክፍል፣ ማስመሪያቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ አርባ አንድ ዓመት አነበቡ። ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንላቸውም። የሠርግ መጥሪያ ሲደርሳቸው እንኳ አርመው ይመልሱ ነበር፤ የተቀየማቸው ሙሽራ አለ፣ እውነት ለመናገር አይፈረድበትም። በ1968 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ከዚህ በታች ያለው ሲነበብ እንዳይዘለል ሟች ራሳቸው አደራ ብለዋል።

በ1982 ዓ.ም. አንድ ሰባኪ ጌታ የሚመጣበትን ቀን ከዳንኤል ትንቢት ቁጥሮች አስልቼ ደርሼበታለሁ ብሎ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ቀኑ ደረሰ፣ ዋለ፣ መሸ፤ የመጣ የለም። ተከታዮቹ አንገታቸውን ደፉ። ባሏ የሞተባትና የልብ ሕመም የነበረባት እህታቸውም ከመካከላቸው ነበረች፤ አፍራ፣ ትታው የቆየችውን መድኃኒት እንደገና መዋጥ ጀመረች።

ሰባኪው መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ሊያሳትም ሲያመጣው ረቂቁ ለእርሳቸው ደረሰ። አነበቡ፣ ደመሩ፣ ቀነሱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ካለው ዘመን ወደ በኋላው ሲሻገሩ መሐል ላይ ዜሮ የሚባል ዓመት የለም፤ ሰባኪው ግን ቆጥሮት ስለነበር ቀኑ ያለጊዜው መጥቷል። ኅዳጉ ላይ «አንድ ዓመት ጎድሏል» ብለው ጻፉና ወደ ቀጣዩ ሥራቸው ዞሩ።

ሰባኪው በደስታ የሚይዘውን አጣ። ጌታ አልቀረም፣ ቁጥር የሳትነው እኛ ነን፣ በመጪው ሚያዝያ ይመጣል ብሎ አወጀ። እህታቸው መድኃኒቷን ዳግመኛ ተወች። ጎረቤቷ እባክሽ ብትላት የመለሰችው ይህንን ነው፦ «የአሁኑን እኮ ወንድሜ ነው ያረመው። እሱ አይሳሳትም።» እርሳቸው ይህን የሰሙት ከቀብሯ በኋላ ነበር። በየካቲት 1983 ዓ.ም. አረፈች፤ ሚያዝያም መጥቶ እንደማንኛውም ወር አለፈ።

አምስት ዓመት የሆናትን ልጇን ወስደው ከልጃቸው ሳይለዩ አሳደጉ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እርሷ ናት። ስለ እናቷ ስትጠይቅ ልቧ ነው የጣላት ይሏትና ወሬ ይቀይሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አላወቁም። ከአንድ ጡረተኛ የሥነ መለኮት መምህር ግሪክኛ ተማሩ። ስድሳ ሦስት የምጽአት ትንበያዎች ሰብስበው ለእያንዳንዱ ካርድ አዘጋጁ፤ የተጠቀሰውን ጥቅስ፣ ጥቅሱ በቦታው ሲነበብ የሚለውን፣ ሊቃውንት የጻፉትን፣ ቀኑ ሲደርስ የሆነውን አሰፈሩበት። የዳንኤል ቁጥሮች በጨካኝ ንጉሥ ሥር ይማቅቅ ለነበረ ሕዝብ የተነገሩ ማጽናኛ እንደሆኑ፣ የራእዩም አውሬ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የዚያን ዘመን ቄሳር እንደሚያመለክት፣ ቀኑን ግን ወልድም እንኳ እንደማያውቀው ወንጌል በግልጽ እንደሚናገር በየጸሎት ቤቱ እየዞሩ አስረዱ። ቀን ቆርጦ የመጣውን ሁሉ ተጽፏል ወይስ ተሰልቷል ብለው ይጠይቁት ነበር። ከሃዲ ያሏቸው አልጠፉም፤ እርሳቸው ግን የጌታን መምጣት አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም። ቀኑ ደርሷል ብላችሁ ልትጥሉት የነበረውን ቤታችሁንና ጤናችሁን ያተረፉላችሁ ዛሬ እዚህ ቆማችኋል።

በ2016 ዓ.ም. በጉበት ካንሰር ታመው ሐኪም ቤት ተኙ። የእህታቸውን ልጅ አስጠርተው ሠላሳ ሦስት ዓመት የደበቁትን ያንን ረቂቅ ሰጧት፣ ሁሉንም ነገሯት። እርሷም ውሸት ነው ብለህ ለምን አልጻፍክበትም አለቻቸው።

«ቁጥሩ ተሳስቷል አልኩ እንጂ ነገሩ ተሳስቷል አላልኩም። ሥራዬ ማረም ነበር። ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሏት።

ወረቀቱን አልጋው ላይ ጥላ ወጣች። ዘጠኝ ቀን አልተመለሰችም። በእናቷ ሞት ነደደች፣ በዝምታቸው ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ነደደች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይሉ እንደነበር ልጃቸው ኋላ ነግሯታል። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ልቧ እሺ ብሏት ስትመጣ ነርሷ አንሶላውን እየቀየረች ነበር። ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው አርፈዋል።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና የእህታቸው ልጅ በሐዘን ቀርተዋል። ቀኑን ለራሱ ያስቀረ አምላክ ወንድምና እህቱን በአንድ ማረፊያ ያገናኛቸው፤ ለተከፉትም ልብ መጽናናትን ይስጥ።

አፈር ከመልበሳቸው በፊት፣ የእህታቸው ልጅ የተጠየቀችውን በሰው ሁሉ ፊት ትመልሳለች፦ «ጋሼ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ዘገየሁብህ፤ አንተም ይቅር በለኝ።»