የሱሪህ ወገብ

ልጄ ሆድዬ፣ አምላክ ባለህበት በጤና ያቁምህ፤ የረገጥከው መሬት ይለስልስልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም አንዴ እያኮረፈ አንዴ እየታረቀ ይኸው አለ። አባትህ ካረፈ ሦስት ወሩ፤ ቁጣው የሚሰለቸኝ ሰውዬ ዝም ሲል ናፈቀኝ።

ትናንት ከጎረቤታችን ከመምህሯ ጋር የአባትህን የልብስ ስፌት ሱቅ አጸዳን። ያንተን ስድስት ሱሪዎች ከመስቀያው አወረድኩ። ከተጣላችሁ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ይሰፋልህ ነበር። «ላክለት» ስለው፣ «እግር የለውም? መጥቶ ይውሰድ!» ይለኛል። ደግሞ ዞር ብሎ «ወገቡን ጠይቂው» ይላል። እኔ አንተን መጠየቅ እያፈርኩ፣ በልቶ ያድራል ብሎ ደስ እንዲለው በየዓመቱ አራት አራት ጣት ከራሴ እየጨመርኩ ነገርኩት። «ጎሽ!» ይል ነበር። መጨረሻ ላይ ግን «ይህ ልጅ በሬ ሆነ እንዴ?» አለኝ። ትናንት በመጨረሻው ሱሪ መምህሯና እኔ አንድ አንድ እግራችንን ከትተን አብረን ቆምንበት፤ ስንስቅ ልንወድቅ ነበር።

ጥሩ አባት ነበር ልልህ አይደለም። ምላሱ ያቆስል ነበር። ከሱቁ ሲያባርርህ እኔ አጠገቡ ቁልፍ እየተከልኩ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ የኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ። የእሱን አንተ ታውቃለህ፤ አላጣድፍህም።

አሁን ግን እባክህ ወገብህን በሜትር ለካና እውነተኛውን ጻፍልኝ። አንዱን አጠብብልሃለሁ። ልበሰው አልልህም፤ ስትመጣ ግን በዚህ ቤት ልክህ የሆነ ነገር ይቆይህ።

ክፉ አይይህ፣ የኔ አለኝታ።

እናትህ