ከናፍጣ ወደ ፀሐይ፤ የጋሳዩ ባለወፍጮ የአቶ ሙሉሰው አስናቀ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሙሉሰው አስናቀ ከአባታቸው ከአቶ አስናቀ ደረሰና ከእናታቸው ከወ/ሮ አበበች ውቤ ጥቅምት 8 ቀን 1951 ዓ.ም. በፋርጣ፣ ጋሳይ አካባቢ ተወለዱ። ፊደል ከየኔታ ቆጥረው፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደብረ ታቦር ተምረዋል። ከዚያም መኪና ጥገና ቤት ገብተው ሞተር መፍታትና መግጠም ለመዱ።

በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ አለምወርቅ ጋር በሥርዓተ ቁርባን ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በ1986 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድማቸው ከደሳለኝ ጋር የናፍጣ ወፍጮ ተከሉ። ይህን ታሪክ የጻፈው ያው ደሳለኝ ነው። ሃያ አምስት ዓመት አብረው ፈጩ።

በ2011 ዓ.ም. አቶ ሙሉሰው ናፍጣ ትርፉን እየበላው መሆኑን አይተው ወፍጮውን በሶላር እናድርገው አሉ። ደሳለኝ እምቢ አለ። እሳቸውም ሒሳቡን በወረቀት ሠርተው፣ ወጪው በሦስት ዓመት እንደሚመለስ በዝክር ላይ አስረዱ። ነገር ግን የወሩን ሠላሳ ቀን በሙሉ የሥራ ቀን አድርገው ቆጥረውት ነበር። ደሳለኝ በሚካኤልም በማርያምም ሊፈጩ እንደሆን ጠይቆ በሰው ፊት ሳቀባቸው፤ ማኅበርተኛውም አብሮ ሳቀ።

እሳቸው አልተቀየሙም። በሚቀጥለው ዝክር እሑዱን፣ በዓላቱን፣ ደመናማዎቹን ሐምሌና ነሐሴን ቀንሰው መጡ። አምስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፣ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ቢሆንም ከናፍጣ ይረክሳል አሉ። ደሳለኝ ግን ተነሥቶ ወጣ። ንብረት ተካፈሉ፤ ሞተሩ ለደሳለኝ ደረሰ። አቶ ሙሉሰው ሁለት በሬና ባሕር ዛፋቸውን ሽጠው ሶላሩን ከመንገዱ ማዶ ተከሉ።

ክረምት ሲገባ ወፍጯቸው ሥራ ይፈታ ነበር፤ ይህ አይካድም። በበጋ ግን ናፍጣ ሲወደድ የእሳቸው ወጪ ንቅንቅ አላለም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ያወጡት ተመለሰላቸውና የማስፈጫ ዋጋ ቀነሱ። የደሳለኝ ደንበኛ አብዛኛው መንገዱን ተሻገረ። ናፍጣ ከከተማው ጠፍቶ የደሳለኝ ሞተር በቆመ ጊዜ፣ የቀሩህን ደንበኞች እህል እኔ ዘንድ አምጥተህ ፍጭ፣ ገቢው ያንተ ይሁን ብለው ላኩበት። ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ላኩ። ለሦስተኛዎቹ፣ እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብሎ መለሳቸው።

አቶ ሙሉሰው ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ለፋሲካ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ገነትን፣ ሙላቴንና አዲስዓለምን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተዋል።

ወንድማቸው የእዝኑን እህል ተሸክሞ ትናንት መንገዱን ተሻገረ። የወፍጯቸውን ደጃፍ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። አዲስዓለም ፈጨለት፤ ዋጋ አልተቀበለውም።

ጋሼ፣ ሒሳብዎ ልክ ነበር። በቁምዎ ሳልነግርዎ ቀረሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። አምላከ አበው ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ አሜን።